አካፋይ አልተገኘም

አጥናፉ ጥላዬ የሚስቱ ሒሳብ ስህተት ሆኖ እንዲገኝ ሦስት ቀን ሙሉ ሲመኝ ከረመ። እጁን አጣጥፎ አልነበረም የሚመኘው። እርሳስ ቀርጾ ረጃጅም ቁጥሮችን በራሳቸው እያባዛ፣ ውጤቱን ስንዱ አገኘሁ ባለችው ሃያ ሦስት አሃዝ ባለው ቁጥር እያካፈለ፣ ቀሪውን እየጻፈ፣ ቀሪውን ደግሞ በራሱ እያባዛ ነበር። ይህን ሃያ ሰባት ጊዜ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቀሪ ወጣ፤ አንድ ነው።

ቀሪው አንድ ከሆነ ስንዱ ልክ ናት። አጥናፉ አንዷን ትኩር ብሎ አያት። ሁለት ብትሆን ምን ነበረበት? ሰባትስ ብትሆን ማን ይጎዳ ነበር? ወረቀቶቹን ከታች ወደ ላይ መረመረ፤ የራሱን ስህተት አጥብቆ ፈለገ፣ አጣ። ሲያባዛ አይሳሳትም፤ በዚህ ከማኅበሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ግን ይኼ ችሎታው ራሱ አናደደው።

«ወጣልህ?» አለች ስንዱ ከጓዳ።

«ወጣ።»

«ስንት?»

«ስንት እንዲሆንልሽ ፈልገሽ ነበር? አንድ ነዋ!»

«እሰይ» አለችና ድንች መላጧን ቀጠለች። አጥናፉን ያበገነው ይኼ ነው። ብትጨፍር፣ እልል ብትል ይሻለው ነበር። ሰው በዚህ ዓይነት ዕድል ላይ ተቀምጦ ድንች ይልጣል? እርር ድብን እያለ ወረቀቱ ግርጌ ላይ «መስክሬአለሁ» ብሎ ፈረመ።

ነገሩ የሆነው በ2087 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ነው። በዚያ ዘመን ከተማዋ የምትሞቀው በሒሳብ ነበር። በየቤቱ ግድግዳ ሥር የልብስ ሣጥን የሚያክል የስሌት ሣጥን አለ፤ ከዓለም ዙሪያ የሚላክለትን ሥራ ይሠራል፣ ሲሠራ ይግላል፣ ቤቱም ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው የአየሩን ጠባይ ካወጀ በኋላ የሥራውን ጫና ያውጃል፦ «ከአምስት ሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚቀንስ አረጋውያንና ሕፃናት እንዲደራርቡ ይመከራል።» ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ፊልም ሲያሠሩ ደብረ ብርሃን መስኮቷን ትከፍታለች። እነሱ ለበዓላቸው ሲያርፉ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ከአልጋም የማይወርድ አለ። የማያውቁት ሰው ሥራ እንዲበዛበት መጸለይ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሣጥኑ ለባለቤቱ ይለቀቃል። ነፃ ሰዓት ይባላል። አንዳንዱ ይጫወትበታል፤ አንዳንዱ የሞተ ዘመዱን ድምፅ ያናግርበታል፤ ብዙው ሰው ሣጥኑ ዝም ብሎ እንዲቆጥር አዝዞ እግሩን ያሞቃል። በከተማው ውስጥ አርባ ሦስት ሰዎች ግን ነፃ ሰዓታቸውን በሙሉ የመርሴን ቁጥሮች አካፋይ ይፈልጉበት ነበር።

የመርሴን ቁጥር ማለት ቀላል ነው። ሁለትን በሁለት እየደጋገሙ አባዝተው በመጨረሻ አንድ ይቀንሱለታል። አሥራ አንድ ሁለቶች ሲባዙ 2048 ይሆናሉ፤ አንድ ሲቀነስ 2047። ይኼ ደግሞ 23 በ89 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ 23 የ2047 አካፋይ ነው ይባላል። የማኅበሩ ቁጥሮች ግን መቶ ሚሊዮን ገደማ ሁለቶች የተባዙባቸው ናቸው፤ አንዱን ቁጥር ሙሉውን ልጻፈው ያለ ሰው ዕድሜውን ይፈጃል። ታላላቆቹ ማሽኖች ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ የላቸውም። ለምን ይጠቅማል ብሎ ለጠየቀው ሰው አጥናፉ መልስ አይሰጥም፤ ኮስተር ብሎ ያየዋል።

ማኅበሩ ሥርዓት አለው። አባሉ ቁጥሩን በስሙ ያስይዛል፤ ከማኅበሩ የተሰጠውን የመፈለጊያ ካርድ ሣጥኑ ላይ ይሰካና አካፋዩን ይፈልጋል። ከሰባ አምስት ጊዜ ሰባ አራቱን ሣጥኑ «አካፋይ አልተገኘም» ይላል። ይኼም ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይደክምበት መዝገቡ ላይ «እከሌ ፈልጎ አጣ» ተብሎ በጥቁር ይጻፋል። የተገኘ እንደሆነ ግን ሌላ አባል በዕጣ ይመረጥና በእርሳስና በወረቀት አስልቶ ይመሰክራል፤ ከዚያም ያገኘው ሰው ስም በቀይ ይጻፋል። አጣሁ ያለን ሰው የሚመረምረው የለም። ላልተገኘ ነገር ምን ተብሎ ይመሰከርለታል? ሰውየው ይታመናል።

አጥናፉ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ላይ ፈልጓል። አንድም አላገኘም። አባላቱ በፍቅር «ጠራጊው» ይሉታል፤ እሱ የሄደበት መንገድ ንጹሕ ነው፣ ምንም የቀረ ነገር የለም ለማለት። እሱም ፈገግ ይላል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስሙ አንዲት ጊዜ በቀይ እንዲጻፍ።

ስንዱ ወደ ማኅበሩ የገባችው በታኅሣሥ ነው። ሠላሳ ዓመት በአየር ትንበያ ጣቢያ ሠርታ ከአጥናፉ በኋላ ጡረታ ወጣች፤ ጓዳው በረዳት፤ አጥናፉ ራሱ ትንሽ አሮጌ ሣጥን ገዝቶ ጓዳ አስገባላት። «ከሰው ጋር ልጫወት» ብላ ስብሰባ መጣች፣ ካርድ ተሰጣት። በጥር አንድ አገኘች። በየካቲት ሁለተኛ። በሚያዝያ ሦስተኛ።

ለመጀመሪያው አጥናፉ ከልቡ ነው ደስ ያለው፤ ወይም እንደዚያ መስሎት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ቁጥሩ አሃዝ በአሃዝ ሲነበብ አባላቱ ሁሉ ቆመው ሲያጨበጭቡ እሱ ከሁሉ ቀድሞ ቆመ። በሁለተኛውም ቀድሞ ቆመ፤ ግን ማን እንደሚያየው በዓይኑ እየሰረቀ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ደምሰው ትከሻውን መታ አድርጎ «ዕድል ቤታችሁ ገባች ማለት ነው» አለው። ደምሰው ሰባት ጊዜ በቀይ የተጻፈ ሰው ነው። አጥናፉ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላም።

ከዚያ በኋላ ቅናቱ ልክ አጣ። ስንዱ ጓዳ ሆና ስታስል እንኳ ለሣጥኗ ምልክት የምትሰጥ ይመስለዋል። ጓዳ ገብቶ ትንሿን ሣጥን በመዳፉ ይነካና ከሳሎኑ ሣጥን ይበልጥ ትሞቅ እንደሆነ ይለካል። አንድ ቀን እንደ ዋዛ «ይቺን ትንሿን ሳሎን ብናደርጋት፣ ትልቁ ደግሞ ላንቺ ጓዳ ቢገባ አይሻልም? እንዳይበርድሽ ብዬ ነው» አላት። ስንዱ ሳቀች። «ተወኝ እባክህ፣ ተመችቶኛል» አለች። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ነገር ልስጥሽ ብሎ እምቢ የተባለው ያን ቀን ብቻ ነው፤ መስጠቱ ደግሞ መስጠት እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቁታል።

ሦስተኛውን ዕጣ ደርሶት ራሱ ሲመሰክር ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት። በአምስት ወር ሦስት? ድንች እየላጡ? ይኼ የዕድል ነገር አይደለም። ሌላ ሰው ያስያዘውን ቁጥር ቀድሞ መሥራት በማኅበሩ ጠለፋ ይባላል፤ ከጠለፋ የከፋ ነውር የለም። ስንዱ የሆነ ምስኪን ሰው ቁጥር ጠልፋ መሆን አለባት። ሐሳቡ ሲመጣለት አጥናፉ ደስ አለው። ሚስቱ ሌባ ናት ብሎ ማሰብ እንዲህ ደስ ሊያሰኝ እንደሚችል አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የመሰከረበትን ወረቀት ይዞ ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ወደ መቅደላዊት ሄደ። መቅደላዊት ልብስ ሰፊ ናት፤ ትልቁን መዝገብ ከጨርቅ ጥቅሎች ሥር ነው የምታስቀምጠው።

«ስንዱ ያገኘችባቸውን ሦስቱን ቁጥሮች አሳዪኝ» አላት።

«ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል? የመጨረሻውን እርስዎ ራስዎ መስክረዋል እኮ።»

«የመሰከርኩት አካፋዩን ነው። ቁጥሩን ከእሷ በፊት ማን ይዞት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።»

መቅደላዊት መቀሷን አስቀመጠች። «ይቅርብዎ ጋሼ። እትዬ ስንዱ ለምነውኛል።»

«አላልኩም?» አለ አጥናፉ፤ ለማን እንዳለ አይታወቅም። «ክፈቺው! የአባልነት መብቴ ነው።»

መብቱ ስለሆነ ከፈተችለት። የጥሩን ቁጥር በጣቷ አሳየችው። በቀይ «ስንዱ ወልደሰንበት አገኘች» ይላል። ከሥሩ በጥቁር የተጻፈ ስም አለ፤ ተሰርዟል፣ ግን ይነበባል። «አጥናፉ ጥላዬ ፈልጎ አጣ።» ገጹን ገለበጠች። የየካቲቱም ሥር፣ «አጥናፉ ጥላዬ ፈልጎ አጣ።» የሚያዝያውም።

አጥናፉ ገጹን መልሶ ገለበጠ።

«ስምዎ በጉባኤ እንዳይነበብ ነው የለመኑኝ» አለች መቅደላዊት ቀስ ብላ። «ሻይ ላምጣልዎ?»

ሻይም አልጠጣ፣ ደህና ዋይም አላለ። ቤቱ ሲደርስ ስንዱ ሳሎን ተቀምጣ መነጽሯን ትወለውላለች።

«ሰረቅሽኝ» አላት።

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። የት ውሎ እንደመጣ ገባት። «ምንህን?»

«ቁጥሮቼን!»

«አጣሁ ብለህ የተውካቸውን?»

«የኔ ናቸው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጌ፣ አንቺ ከኋላዬ እየመጣሽ...» አለ። «እንዴት? እንዴት ብለሽ ነው ያገኘሽው?»

«ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያስ ቆመህ ስማኝ። ማኅበር ስገባ መዝገቡን አየሁት። አራት ሺህ ምናምን ቁጥር፣ ሁሉም አጣ፣ አጣ፣ አጣ። እኔ ሠላሳ ዓመት ዝናብ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝናብ መለኪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ከሆነ ድርቅ ነው አይባልም፤ መለኪያው ተቀዷል ነው የሚባለው። ካንተ ቁጥሮች ሁለት መቶ ያህሉን በኔ ሣጥን ደገምኳቸው። ሦስቱ ወጡ።» መነጽሯን አደረገች። «አጥናፉ፣ ካርድህን ሲሰጡህ በሚታወቅ ቁጥር ሞክረኸው ነበር?»

አጥናፉ ዓይኑን ወደ ትልቁ ሣጥን አዞረ።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሕግ ነው። አዲስ ካርድ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አካፋዩ አስቀድሞ በታወቀ ቁጥር ይሞከራል፤ ካገኘው ካርዱ ደህና ነው። በዚያ ዓመት ለመሞከሪያ የተመረጠው ደግሞ ደምሰው ገና በገባ በወሩ ያገኘው አካፋይ ነበር። አጥናፉ ካርዱን ተቀብሎ ቤቱ መጣ፣ ሣጥኑ ላይ ሰካው፣ ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰደደና ተወው። የገዛ ሣጥኑ አፉን ሲፈታ የደምሰውን ቁጥር እንዲጠራ አልፈለገም። ቅጹ ላይ «ሞክሬአለሁ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳው፤ ወይም ያስታወሰ ጊዜ ሁሉ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረ።

«አሁን እንሞክረው» አለች ስንዱ።

ነፃ ሰዓት እስኪደርስ ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን አጥናፉ ወደ ትልቁ ሣጥን ሄዶ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። ልጆች በጣታቸው ሊያወጡት የሚችሉት፣ 2047፣ 23 በ89። ሣጥኑ ለአፍታ ጉም ጉም አለና ጻፈ፦ አካፋይ አልተገኘም።

ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ። አካፋይ አልተገኘም። ሃያ ዘጠኝ አለ። አካፋይ አልተገኘም። እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ፤ እንደ ወትሮው ሞቅ ብሏል።

«ካርዱ ከመጀመሪያውም ሙት ነበር» አለች ስንዱ። «ሣጥኑ ያሰላል፣ ካርዱ ግን ያገኘውን አያይለትም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«ቤቱን ግን አሙቋል። ይኼን አትርሳ። የማይረባውም ሒሳብ ያሞቃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልጀምር?» አለች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ጋቢህን አስተካክለህ፣ ፊትህን ታጥበህ ነው ሣጥኑ ፊት የምትቀመጠው። እስቲ አንተ ብትሆን ምን ብለህ ትጀምራለህ?»

አጥናፉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቢያለቅስ ደግ ነበር፤ አላለቀሰም። ከዚያ እንዲህ ሲል ጠየቃት፦ «ሲገኝ ምን ይላል?»

«ማን?»

«ሣጥኑ።»

«ምንም አይልም። ቁጥሩን ይጽፋል፣ በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

እሱን እንኳን አይቶ አያውቅም። በዚያች ደቂቃ፣ ያ ሁሉ ነገር ሆኖ፣ አሁንም ቀናባት።

ስንዱ እጁን ያዘችው። «ማንም አያውቅም፤ መቅደላዊትም ዝም ትላለች። ቀስ እያልኩ የቀሩትን እኔ ላጣራቸው። ስምህ እንደተከበረ ይኖራል።»

ቸር ሐሳብ ነበር። አጥናፉ ሌሊቱን ሳይሆን ያን ከሰዓት በኋላ ብቻ አሰበበትና እምቢ አለ። በሚቀጥለው ጉባኤ ቆሞ እውነቱን እንደሚናገር ነገራት። ሕሊናው አላስችል ብሎት ነው ብሎ የሚጽፍለት ሰው ቢኖር ደስ ባለው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው የሱን «አጣሁ» አምኖ፣ ቁጥሩ አካፋይ የለሽ መሆኑን ሊያረጋግጥ ክረምቱን ሙሉ ከንቱ እንደሚደክም ማሰቡም አልቀረም። ዋናው ግን ይኼ አልነበረም። ከአራት ሺህ ቁጥሮቹ የሚወጡት አካፋዮች አንድ በአንድ በስንዱ ስም በቀይ ሲጻፉ ታዩት፤ እሱም በየወሩ ቀድሞ ቆሞ ሲያጨበጭብ። ይኼን አልችልም አለ።

የግንቦት ጉባኤ እሑድ ከሰዓት በፊት በድሮው ቀበሌ አዳራሽ ተደረገ። የሥራ ጫናው ቀላል ስለነበር የአዳራሹ ሣጥኖች ለብ ብለው ነበር፤ በብርዱ የመጡት አሥራ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። አጥናፉ ከቃለ ጉባኤው በኋላ እጁን አወጣ። ቆመ። ካርዱን እንዳልሞከረ፣ ሞክሬአለሁ ብሎ እንደፈረመ፣ ካርዱ ሙት እንደነበረ ተናገረ። «ስለዚህ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቁጥሮች አልተፈለጉም» አለ። «ስንዱ ካጣራቻቸው ሁለት መቶ በቀር።» የደምሰውን ነገር ግን አላነሣም፤ ያን ያህልም ቅዱስ አልነበረም።

አጥናፉ ስድቡን ጠበቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያታልለን ኖረ የሚለውን፣ ከማኅበር ይባረር የሚለውን። አዘጋጅቶ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ሊቀበል።

መቅደላዊት ወረቀት ላይ የሆነ ነገር አካፈለች። «ከሰባ አምስት አንድ ካልን...» አለች፣ «ሃምሳ አምስት ያህል አካፋይ መውጣት ነበረበት። ሦስቱ ተገኝተዋል።»

«ሃምሳ ሁለት?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ገደማ።»

«ከዚያ የድሮ ካርድ ወዲህ ሣጥኖቹ ፈጥነዋል እኮ» አለ ሌላ። «እሱ ቀን ሙሉ የፈጀበትን በሩብ ሰዓት ነው የምንጨርሰው!»

አንድ ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ ሌላ። ደምሰው የመጀመሪያው ነበር፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ በሰው ጉልበት መካከል ሾልኮ መቅደላዊት ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ከኋላው አንዱ፣ ከዚያ ኋላ ሌላው። ማንም አልተቆጣም። አንድ ሁለቱ እያለፉ እጁን ጨበጡት፤ ዓይናቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አርባ ዓመት ያልሞላት መምህርት፣ እሷም እንደሱ አንድም ቀን አግኝታ የማታውቅ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላው ሮጠች። ተሳልቃ አልነበረም፤ ከልቧ ነው።

አጥናፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔስ?» አለ። «አዲስ ካርድ ስጡኝ፤ የራሴን ቁጥሮች ራሴ ልድገማቸው።»

መቅደላዊት ከሰልፉ መካከል ቀና አለች። አዘነችለት፤ ያስታውቃል። «አጣሁ ብሎ የፈረመ ሰው ያንኑ ቁጥር ተመልሶ አይነካም፣ ጋሼ። ሕጉ ነው። አዲስ ቁጥሮች እሰጥዎታለሁ።»

ተቀመጠ። አዲስ ቁጥሮች፣ አዲስ ካርድ፣ ስድሳ ስድስት ዓመት። ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ሃምሳ ሁለቱ ዛሬ ማንነታቸው ባይታወቅም አሉ፤ በገዛ እጁ ያለፋቸው፣ አንድም ቀን ያላያቸው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከነገ ጀምሮ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያገኙዋቸዋል። የጥርስ ሐኪሙ ያገኛቸዋል።

ዘወር ሲል ስንዱ ከጎኑ ተቀምጣለች። ከአዳራሹ ሙሉ ያልተሰለፈች እሷ ብቻ ናት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች።

«አትሄጂም?» አላት።

«ይቅርብኝ። ከኔ በቅቷል። ካንተ ጋር ልቀመጥ።»

አጥናፉ ሰልፉን አየ። ደምሰው ጎንበስ ብሎ እየፈረመ ነው፤ መቶ ቁጥር ሳያስይዝ አይቀርም፣ ቀና ብሎ እንኳን አይተነፍስም። አጥናፉ የሚስቱን ክንድ ያዘና ከወንበሯ ገፋ አደረጋት።

«ተነሽ፣ ተሰለፊ!» አላት። «እነዚህ ከሚያገኟቸው አንቺ ብታገኚያቸው ይሻለኛል። ፍጠኚ እንጂ፣ ስንዱ!»

ስንዱ ለአፍታ ፊቱን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ሄደች። ከፊቷ አሥራ አንድ ሰው ነበር። አጥናፉ አሥራ አንዱንም በየስማቸው ጠላቸው።